መርፌው ለማን ነው? ከፋርማሲ ባንኮኒ የተጻፈ ደብዳቤ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ቅዳሜ በጤና ዓምዳችሁ ስለ ማቅጠኛ መርፌ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ደንበኞቼም አንብበውታል። ሰኞ ጠዋት ገና ጋውኔን ሳልለብስ አንዲት ሴት ጋዜጣውን አጣጥፋ ይዛ ገባች። «ዶክተር፣ ይቺ መርፌ እናንተ ጋ አለች?» አለችኝ። የሐኪም ማዘዣ አላት ወይ ብዬ ጠየቅኳት። የላትም። ስኳር፣ ግፊት? የለባትም። የእህቷ ሠርግ ደርሷል።

ጽሑፋችሁ ሰዎች ስንት ኪሎ እንደቀነሱ በሰፊው ነግሮናል። ለማን እንደሚታዘዝ፣ ማን መውሰድ እንደሌለበት፣ ሲቆም ምን እንደሚመጣ ግን አንድ አንቀጽ እንኳ አልሰጠም። እኔ ፋርማሲስት ነኝ። የምሠራው ሃያ ሁለት አካባቢ በአንዲት አነስተኛ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። በየቀኑ የሚጠይቁኝ ደግሞ ያንኑ የተዘለለውን ነገር ስለሆነ ነው ይህን የምጽፈው።

አስቀድሜ ስሞቹን ላጥራ፤ ብዙ ሰው እያምታታቸው ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። ኦዜምፒክ በ2017 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ነው። ዌጎቪ በ2021 ለውፍረት ተፈቀደ። የሁለቱም ውስጠ ነገር ሴማግሉታይድ የሚባል አንድ መድኃኒት ነው፤ ዌጎቪ መጠኑ ከፍ ይላል። ሞንጃሮና ዜፕባውንድም እንዲሁ አንድ ናቸው፤ ቲርዜፓታይድ ይባላል፤ አንዱ ለስኳር ሌላው ለውፍረት ይሸጣል። መርፌዎቹ ሁሉም በሳምንት አንዴ ከቆዳ ሥር የሚወጉ ናቸው። ስንበላ አንጀታችን የሚያመነጨውን የጥጋብ ሆርሞን አስመስለው የተሠሩ ናቸው። አንጎል «በቃኝ» እንዲል ያደርጋሉ፤ ምግብም ጨጓራ ውስጥ ቆየት እንዲል ያደርጋሉ። ስብን የሚያቀልጥ ነገር የላቸውም።

ለውፍረት የሚታዘዙበት መስፈርት ግልጽ ነው። ኪሎን በቁመት በሜትር፣ ከዚያ ውጤቱን እንደገና በቁመት ማካፈል ነው። የተገኘው ቁጥር 30 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ሊያስብበት ይችላል። 27 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ደግሞ ከውፍረት ጋር የተያያዘ ሕመም ካለ፣ ለምሳሌ ግፊት፣ ስኳር ወይም ከፍ ያለ ኮሌስትሮል፣ እንዲሁ። የሰኞዋ ደንበኛዬ ቁመቷ 1.60 ነው፤ ሚዛን ላይ አወጣኋት፤ 62 ኪሎ። ስናሰላው 24 ነጥብ ምናምን መጣ። ይህ ጤናማ የሚባል ክብደት ነው። ለእሷ ቁመት 30 ላይ ለመድረስ 77 ኪሎ ገደማ መሆን አለባት። መድኃኒቱ የተሞከረው በእንደሷ ዓይነት ሰው ላይ አይደለም። ጥቅሙ ለእሷ አልታየም፤ ጉዳቱ ግን ይደርሳታል። ይህን ስነግራት አልተከፋችም። እስካሁን ማንም አስልቶ አሳይቷት አያውቅም ነበር።

አሁን ከሁሉ በላይ መናገር ወደምፈልገው ልምጣ።

ክብደቱ የጨመረ ሰው ወደ እኔ ሲመጣ፣ ስለ መርፌው ከማውራቴ በፊት የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዞ እንዲመጣ እለምነዋለሁ። የቤቱን ሁሉ። ትራስ ሥር ያለውንም፣ ቦርሳ ውስጥ ያለውንም። አንዲት እናት በቅርቡ ይህንኑ አድርገው መጡ። ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ ገለበጡልኝ። ለስኳር ግሊበንክላሚድ አለ። ለእንቅልፍና ለእግር ማቃጠል የታዘዘ አሚትሪፕቲሊን አለ። ከታች፣ ሳጥን የሌለው፣ በወረቀት የተጠቀለለ ነጭ ክኒን አለ። «ይቺስ እማማ?» አልኳቸው። «እሷማ የወገብ ናት፤ ጎረቤቴ ነች የሰጠችኝ፤ ስወስዳት ቀለል ይለኛል» አሉኝ። ዴክሳ ነበር፤ ዴክሳሜታሶን የሚባለው የስቴሮይድ ክኒን።

ሦስቱም ክብደት የሚጨምሩ ናቸው። ዴክሳ በተለይ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፤ ፊትና ሆድ ያሳብጣል፤ ስኳሩንም ከፍ ያደርጋል። አንዳንድ ወጣት ሴቶች እንዲወፍሩ ብለው ሆን ብለው እንደሚገዙት ይህን ሥራ የሚሠራ ሁሉ ያውቃል። እኚህ እናት የፈለጉት ደግሞ ማቅጠኛ ነበር። መርፌው ቢታዘዝላቸው አንዱ መድኃኒት የሚያመጣውን ሌላ መድኃኒት ሲያባርር ይኖር ነበር። ወደ ሐኪማቸው ፌስታሉን ይዘው እንዲሄዱ ጽፌ ሰጠኋቸው። ዴክሳውን ግን በገዛ እጃቸው ድንገት እንዳያቆሙት አስጠነቀቅኳቸው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የቆየ ዴክሳ በአንዴ ሲቆም ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን ስለማይደርስለት ሰው እስከ መውደቅ ይደርሳል። በሐኪም ቁጥጥር ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌም እንዲሁ ነው። ዲፖ የሚወስዱ ሴቶች ሁሉ ይወፍራሉ ማለት አይደለም። የሚጨምሩ ግን አሉ። ሌላ ዓይነት መከላከያ መቀየር ይቻላል። ኢንሱሊንም፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመምና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም ክብደት ይጨምራሉ። እነዚህ የግድ የሚያስፈልጉ ሊሆኑ ስለሚችሉ ማንም ሰው ይህን አንብቦ መድኃኒቱን እንዳይተው አደራ። ጥያቄውን ለሐኪሙ ያቅርብ። «ይህ የምወስደው ነገር ያወፍራል ወይ? የማያወፍር ምትክ አለው ወይ?» ይበል። ይህን መጠየቅ ብር አያስወጣም፤ መርፌውን ጭራሽ የሚያስቀርበት ጊዜም አለ።

ይህን ስል መርፌው ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። መርፌውን በጅምላ የሚኮንኑ ሰዎችም ያሳዝኑኛል። «አፉን ቢዘጋ ይቀንሳል» የሚለው ንግግር ስንቱን ሰው ሐኪም ቤት ከመሄድ እንዳስቀረው ባንኮኒ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። የወፈረ ሰው ሁሉ ሆዳም አይደለም። ሰው ክብደት ሲቀንስ ሰውነቱ የረሃብ ሆርሞኑን ከፍ አድርጎ፣ የሚያቃጥለውን ጉልበት ቀንሶ ወደ ቀድሞው ሊመልሰው ይታገላል። ይህ የፈቃድ ጉዳይ አይደለም፤ የሥጋ ሥራ ነው።

ወንድሜ መምህር ነው። ስኳርና ግፊት አለበት፤ ሌሊት ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ቁርጥ ይላል። ክብደቱ ከመስፈርቱ በላይ ነው። በሕይወቱ ብዙ ጊዜ ጾሞ፣ ተራምዶ፣ ቀንሶ፣ መልሶ ጨምሯል። የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ኩላሊቱን፣ ዐይኑን፣ ቆሽቱን፣ የሐሞት ከረጢቱን አየለት። ከዚያ ተነጋግረው ጀመረ። ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። በ2023 ውጤቱ የታወቀው ትልቁ ጥናት ከ17,000 በላይ ሰዎችን አካቷል፤ ሁሉም የልብ ወይም የደም ሥር ሕመም የነበረባቸውና ክብደታቸው ከፍ ያለ ናቸው። ሴማግሉታይድ የወሰዱት ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክና በልብ ሰበብ መሞት አንድ ላይ ሲቆጠሩ በ20 ከመቶ ቀንሰው ተገኝተዋል። የእነዚህ ሰዎች ጉዳይ ከሠርግ ቀሚስ ጋር አንድ ላይ ሲጻፍ ታመው የሚታከሙት ሰዎች ያፍራሉ። ወንድሜ ለባልደረቦቹ እስከ ዛሬ አልነገረም።

ሐኪሙ ወንድሜን የጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ጋዜጣችሁ ቢያወጣው ደስ ይለኛል። «በሚቀጥለው ዓመት በዚህ ጊዜ ይህንኑ መድኃኒት ማግኘት ትችላለህ?» ነው ያለው። ጥያቄው የመጣው ከጥናት ነው። ዌጎቪ በተሞከረበት ዋና ጥናት ሰዎች በ68 ሳምንት በአማካይ 15 ከመቶ ገደማ ክብደታቸውን ቀንሰዋል። 100 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 15 ኪሎ ማለት ነው። መርፌውን ካቆሙ በኋላ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው አግኝተዋል። ስለዚህ እንደ ግፊት መድኃኒት የሚቀጠል ሕክምና ነው። ሦስት ወር ወግቶ መገላገል የሚባል ነገር የለም።

የአክስቴ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። እዚያ በሐኪም ተከታትላ ጥሩ ቀንሳ ነበር። የመሥሪያ ቤቷ ኢንሹራንስ የማቅጠኛ መድኃኒት አልሸፍንም አለ። የዌጎቪ የወር ዋጋ በዝርዝር 1,350 ዶላር ገደማ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ከኪሷ መክፈል አልቻለችም። ስልክ ስንደዋወል «ረሃቡ እንደ ጎርፍ ተመለሰ» ትለኛለች። አሜሪካ ተቀምጣ፣ ሥራ እያላት፣ እንዲህ ከሆነች፣ እዚህ «ከዱባይ የሚያመጣልኝ ልጅ አለ» ብሎ መጀመር ምን ያህል ያስተማምናል? ልጁ ሥራ ቀየረ፣ ጉምሩክ ያዘው፣ ዶላር ጨመረ። በዚያው ይቋረጣል።

እንዲህ በሰው ሻንጣ የሚገባው መርፌ ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። መድኃኒቱ የሚመጣበት ፔን፣ ብዕር የመሰለው መውጊያ፣ ከመከፈቱ በፊት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ ውስጥ ነው። በረዶ ከነካው ይጣላል፤ መልሶ ቢቀልጥም፣ መልኩ ባይቀየርም ይጣላል። ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት በካልሲ የተጠቀለለ ፔን ይዛ መጣች። አወጋጉን እንዳሳያት ነው የፈለገችው። የት አስቀምጠሽው ነበር አልኳት። «እንዳይበላሽ ብዬ ፍሪዘር ውስጥ፣ ሥጋው ጎን» አለች። እህቷ ናት በስንት ልፋት የላከችላት። እንድትጥለው ስነግራት ዐይኗ እንባ ሞላ። እኔም ከፋኝ። ግን ሌላ ምን እላታለሁ?

በዚያ ላይ የሐሰቱ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 ሐሰተኛ ኦዜምፒክ በብራዚል፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ መገኘቱን ጠቅሶ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። እነዚያ ጠንካራ ቁጥጥር አላቸው የሚባሉ አገሮች ናቸው። በቴሌግራም የሚሸጠው ውስጥ ምን እንዳለ እኔ ባንኮኒ ላይ ሆኜ ልለይላችሁ አልችልም። በየሱቁ «ከዕፅዋት የተሠራ» ተብሎ የሚሸጠው የማቅጠኛ ሻይና ቡናም ከዚህ አይሻልም። ሲቡትራሚን የሚባል፣ ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ እንደሚያመጣ ታውቆ በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የወጣ መድኃኒት እንዲህ ባሉ ምርቶች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል።

መጠኑም አለ። ሴማግሉታይድ የሚጀመረው በ0.25 ሚሊግራም ነው። አራት ሳምንት ከተወጋ በኋላ ወደ 0.5፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይወጣል። ሻንጣ ውስጥ የመጣው ፔን ግን ባለ 1 ሚሊግራም ሊሆን ይችላል። አንዲት የማውቃት ልጅ እሱኑ ወጋች። ከመነሻው አራት እጥፍ ማለት ነው። ውኃ እንኳ መያዝ አቅቷት ሆስፒታል ገብታ ግሉኮስ ተሰካላት። በትክክል ተጀምሮም ቢሆን ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ ተቅማጥ ወይም ድርቀት የተለመደ ነው፤ ለብዙዎች እያደር ይቀላል። ሆድ ላይ የማይለቅ፣ ወደ ጀርባ የሚወጋ ከባድ ሕመም ከመጣ ግን ቆሽት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው። የሐሞት ጠጠርም ያጋጥማል።

ስለ እንቅርት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በእኛ አገር አንገቱ ላይ እብጠት ያለው ሰው ብዙ ነው። መድኃኒቱ በአይጦች ላይ፣ ታይሮይድ በሚባለው የአንገት ዕጢ ውስጥ፣ አንድ ዓይነት ዕባጭ (ቲዩመር) ስላመጣ፣ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር በራሱ ወይም በቤተሰቡ የነበረበት ሰው አይወስደውም። እንቅርት ሁሉ ግን ካንሰር አይደለም። በአዮዲን እጥረት የመጣ እንቅርት ከዚህ የተለየ ነው። አንገታችሁ ላይ እብጠት ካለ መጀመሪያ ይታይ። «እናቴን የገደላት የአንገት ዕጢ ነው» የምትሉ ካላችሁም ሳትደብቁ ተናገሩ።

ለሴቶች ሌላም አለ። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሴማግሉታይድን ቢያንስ ሁለት ወር ቀድማ ማቆም አለባት። ቲርዜፓታይድ ደግሞ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ ክኒንን ኃይል ሊያዳክም ይችላል። ልታገባ ነው ብላ ለሠርግ የምትወጋ ሙሽራ ይህን ማን ይነግራታል? ቀዶ ሕክምና ያለበት ሰውም ለሰመመን ሐኪሙ ይንገር፤ ጨጓራው ቶሎ ባዶ ስለማይሆን በሰመመን ላይ ሳለ ምግብ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ውጭ አገር የተጻፉት ምክሮች የማይነግሩን ደግሞ የጾማችን ነገር ነው። ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምንጾም ብዙ ነን። ረመዳንን የሚጾሙም እንዲሁ። ሴማግሉታይድ ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው አልፎ አልፎ ነው። ከግሊበንክላሚድ ወይም ከኢንሱሊን ጋር ሲሆን ግን አደጋው ይጨምራል። እዚህ አገር ግሊበንክላሚድ የሚወስድ ሰው እጅግ ብዙ ነው። የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ ሰው፣ ጾም ላይ ሆኖ፣ ጠዋት ግሊበንክላሚዱን ከዋጠ ስድስት ሰዓት ላይ ሊያልበው፣ ሊንቀጠቀጥ፣ ዐይኑ ሊጨልም ይችላል። ወንድሜ መርፌውን ሲጀምር ሐኪሙ ግሊበንክላሚዱን ቀነሰለት። በጾም ወቅት ደግሞ ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሮ ሰዓቱን አሳጠረ። አባታችን አልከለከሉትም። «ታማሚ ነህ፤ መድኃኒትህን ውሰድ፤ ብላ» ነው ያሉት።

ምግቡም ይለወጣል። ትንሽ በልቶ የሚጠግብ ሰው ያቺን ትንሽ በእንጀራ ብቻ ከሞላት ጡንቻው ይመናመናል። ለወንድሜ መጀመሪያ ወጡን ብላ እለዋለሁ። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ በፍስክ ጊዜ እንቁላሉን። እንጀራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ውኃ ሳይጠማውም ይጠጣል። በሳምንት ጥቂት ቀን ክብደት ነገር ያነሣል፤ የጡንቻ ሥራ ሳይጨመር መርፌው ብቻውን ሰውን ያደክማል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 መጨረሻ እነዚህን መድኃኒቶች ለውፍረት ሕክምና ስለመጠቀም መመሪያ አውጥቷል። ለረጅም ጊዜ፣ ከአመጋገብና ከእንቅስቃሴ ክትትል ጋር፣ ለጎልማሶች፤ ለነፍሰ ጡሮች ግን አይደለም። ምክሩንም በቅድመ ሁኔታ ነው የሰጠው፤ ዋጋውና የረጅም ጊዜ መረጃው ገና ነው ብሎ። ጽሑፋችሁ ይህን ቢጠቅስ ኖሮ አንባቢው በተረጋጋ ልብ ይወስን ነበር።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ይህን ነው። «በፊትና በኋላ» የሚሉትን ፎቶዎች ከጤና ዓምዱ አውጡልን። ሰኞ ጠዋት ሰው ይዞብኝ የሚመጣው ያንን ፎቶ ነው፤ ከሥር የተጻፈውን አይደለም። በሚቀጥለው ደግሞ የስኳርና የሆርሞን ሐኪም ጋብዙ። ስለ ጾም፣ ስለ ግሊበንክላሚድ፣ ስለ ዴክሳ ጠይቁልን። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ቢወጣ ብዙ ሰው ይጠቅማል። ከባንኮኒው በኩል የሚመጡትን ጥያቄዎች ሰብስቤ ልልክላችሁ ፈቃደኛ ነኝ፤ ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ። ስሜን ግን ለደንበኞቼ ምስጢር ስል አታውጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
ፋርማሲስቷ፣ ከአዲስ አበባ